በቀይ ክር የተሰፋችው ከረጢት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ? ያ እያንኮራፋ ጎረቤት የሚቀሰቅሰው ባልሽስ ደህና ነው? ልጆቹስ? አንቺ ጋ የቀረችው ኩላሊትስ እንዴት ናት፣ ብቻዋን መሥራቱ አልከበዳትም? የእኔን ነገር ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ፤ አትቸኩይ።

አሁን ቁጭ በይ። ቁጭ አልሽ? ይህን ደብዳቤ የጻፈው ጎረቤቴ አይደለም። እኔው ነኝ፣ ጉረኛው! በማታ ትምህርት ከአሥራ አንድ ተማሪ አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጣው አንድ የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ ክፍል ውስጥ ባይተኛ ኖሮ ያሰጋኝ ነበር። አስተማሪዋ «እርስዎ በልጅነትዎ ቢማሩ ኖሮ የት በደረሱ!» አለችኝ። የት እንደሆነ ስላልነገረችኝ ዳኛ ይሆኑ ነበር ማለቷ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። የልብስ ስፌት ቤቴ በር ላይ ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ የተወውን ጽሑፍም አነበብኩት። ለካ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ «የሴቶች ልብስ ብቻ» ይል ኖሯል! እኔ ደግሞ ደጄን የማይረግጡትን ወንዶች ምቀኞች ናቸው እያልኩ ሳማቸው ኖርኩ።

እታለሜ፣ ያንን ዘመን ታስታውሻለሽ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ግራ እጄን ለዚያ ደም አጣቢ ማሽን ሰጥቼ አራት አራት ሰዓት ስቀመጥ፣ አንቺ አጠገቤ ሆነሽ ያልነገርሽኝ ተረት አልነበረም። ከዚያ ወንበር ያስነሳሽኝ የራስሽን ኩላሊት ሰጥተሽ ነው። ከሆስፒታል በወጣን ማግስት፣ ቁስልሽ ሳይሽር፣ ጎንሽን ይዘሽ የመድኃኒት ከረጢቶች ሰፋሽልኝ፤ ማንበብ አልችልማ። ነጭ ክር የጧት፣ ሰማያዊ የማታ፣ ቀይ ያቺ ትንሿ ፕሬድኒሶሎን። «ቀይዋን ከረሳህ እኔን እንደረሳኸኝ ቁጠረው» አልሽኝ። ሰባት ዓመት አንድ ቀንም አልረሳሁሽም።

ግን ቀይዋ ፊቴን ድቡልቡል አደረገችው። ደንበኞቼ «አንተ፣ ተመችቶሃል!» ይሉኛል። ቆዳዬ ሳስቶ መርፌ በነካው ቁጥር ይጠቁራል። ስኳር አመጣችብኝ። የስፌት መኪናዬን ስረግጥ የዳሌ አጥንቴ ይጠዘጥዘኛል። ለሐኪሙ ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ «እንዴት ነህ?» ሲለኝ «እንደ በሬ!» ማለት ለምጄ።

ማንበብ ስችል መጀመሪያ ያነበብኩት ምን ይመስልሻል? ከመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ታጥፋ የምትወጣዋን ወረቀት! ሁለት ሳምንት ፈጀችብኝ። አጥንት ታሳሳለች፣ ስኳር ታመጣለች፣ ፊት ታሳብጣለች ትላለች። «ይኸው፣ የእኔን ታሪክ ጽፈውታል!» ብዬ ጮኽኩ። ግርጌዋ ላይ ደቃቅ ጽሑፍ ነበረ፤ ዓይኔ ደከመ፣ ተውኩት። ደግሞም ክትትል ስሄድ አብሮኝ ወረፋ የሚይዝ አንድ ሹፌር አለ፣ እንደ እኔው በሰው ኩላሊት የሚኖር። እሱን ሐኪሞቹ ይህችኑ መድኃኒት ካስቆሙት ዓመት አልፎታል፤ ፊቱ የሙሽራ ነው። እኔ ከእሱ በምን አንሳለሁ? አልኩ።

የተማረ ሰው በክር አይመራም ብዬ ቀይዋን ከረጢት ተረተርኳት። አራት ወር ሙሉ ክኒኗን አልቀመስኳትም። በስልክ «ቀይዋን እየወሰድክ ነው?» ስትዪኝ «እንዴታ!» ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ፊቴም ቀጠነልኝ፤ መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን ስንት ጊዜ አደነቅሁ መሰለሽ።

ከዚያ እግሬ አበጠ፣ ጫማዬ እምቢ አለኝ። ሐኪሙ የደሜን ውጤት አየ። ቀጥሎ «ቀይዋ ከረጢት የት አለች?» አለኝ፤ ያንቺን ከረጢቶች ያውቃቸዋል። አንብቤ ተውኳት አልኩት። አልሳቀም። ሹፌሩን ያስቆሙት ገና ከመጀመሪያው መርምረው፣ ደሙን እየለኩ፣ ቀስ በቀስ እየቀነሱለት እንደሆነ ነገረኝ። የእኔ ሰውነት ግን ያንቺን ኩላሊት ሁለቴ ሊያባርራት ሞክሮ ነበርና ቀይዋ ዘበኛዋ ነበረች። «አጥንትህን ካመመህ፣ ፊትህ ካስጠላህ ምነው ብትነግረኝ? መላ አይጠፋም ነበር» አለኝ። ሦስት ቀን አስተኝተው ያንኑ የሸሸሁትን መድኃኒት በደም ሥሬ በገፍ ለቀቁብኝ። የወረቀቷን ግርጌ ያነበብኩት ያኔ አልጋው ላይ ነው። «ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡ» ይላል። ስድስት ጊዜ አነበብኩት። ስድስቱንም ጊዜ ያንኑ አለኝ።

ቀጥሎ የሆነውን ልጽፍልሽ ነበር፤ አንደኛ የወጣው ተማሪ ቃል አጣ።

ከረጢቷን መልሼ ሰፍቻታለሁ፣ በቀይ ክር። ስንት የፎከርኩ ልብስ ሰፊ፣ ያንቺን ስፌት ማስመሰል አቃተኝ።

ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። ማክሰኞ ጀምሬ፣ ሐሙስ ቀጥዬ፣ ዛሬ ቅዳሜ መጨረሴ ነው። ግራ እጄን እንዳላንቀሳቅስ ስለተነገረኝ ወረቀቱን የያዘችልኝ ነርሷ ናት፤ ያችው የድሮዋ፣ ተረትሽን ስትሰማ ሥራዋን የምትረሳው። «እህትህስ?» አለችኝ። ደህና ናት አልኳት። ወንበሩም ያው የድሮው ነው፣ በመስኮቱ በኩል።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ልጆችሽ ይባረኩልሽ። አንቺ ጋ የቀረችውን አደራ፣ እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂያት። ያበጀሽውን ያፈረሰ ወንድም ስላለሽ እጅሽ ከመስጠት አይጠር።

ጉረኛው ታናሽ ወንድምሽ፣
በገዛ እጄ