ለ19 የሚካፈለው ቁጥር

ጥር 12

ደህና ቀን ነበር። ስለ ብቸኛ ቁጥሮች አስተማርኩ... ከራሳቸውና ከአንድ በቀር አካፋይ ስለሌላቸው ቁጥሮች። ከ2 እስከ 17 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ አባዝተን አንድ ጨመርንበት። 510511። "ካባዛናቸው ውስጥ አንዱም አያካፍለውም፤ ሁሌ አንድ ይተርፋል። ስለዚህ ይሄም ብቸኛ ነው" አልኩ። ደስ አለኝ በራሴ።

ከኋላ የምትቀመጠው ሹክሹክታ እጇን አወጣች። ድምጿ ስለማይሰማ ልጆቹ ያወጡላት ስም ነው።

"ቲቸር፣ ለ19 ይካፈላል መሰለኝ።"

"መሰለኝ? ሂሳብ ከመቼ ወዲህ ነው በመሰለኝ የሚሠራው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ጥር 13

ምሳ ላይ ስልኬን አወጣሁና ቁጥሩን ለ19 አካፈልኩት። 26869። ቀሪ የለውም። በእጄም ሞከርኩ... ያው ነው።

እኔ ያረጋገጥኩት እስከ 17 ያሉት እንደማያካፍሉት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያሉትን ማን ከለከላቸው? ይሄን ሁሉ ዓመት አስተምሬ! ምሳውን ትቼ ተነሳሁ።

ጥር 14

ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ገባሁ። ስለ ክፍልፋይ አስተምሬ ወጣሁ። ፈሪ።

ጥር 17

ባለቤቴ፣ "ሳወራህ እኮ የለህም፣ ምን ሆነሃል?" አለች። ነገርኳት።

"ታዲያ ተሳስቻለሁ በላቸዋ። ምላስህን ድመት በላው?"

"ክብሬስ?"

"የልጅቷስ?"

ሳህን ላጥብ ብዬ ተነሳሁ... ሳህኖቹ ታጥበው ኖሯል።

ጥር 20

ፈተና ሰጠሁ። ያንን ቁጥር ሆን ብዬ አስገባሁት። ሹክሹክታ "ብቸኛ አይደለም" ብላ ትጽፋለች፣ እኔ ሙሉ ነጥብ እሰጣታለሁ፣ በዚያው እንታረቃለን። አፌን ሳልከፍት! ብልጥ ነኝ መቼም።

ከሁሉ በፊት የሷን ወረቀት ፈልጌ አወጣሁ። "ብቸኛ ቁጥር ነው" ይላል። ከነማረጋገጫዬ፣ ቃል በቃል።

ጥር 21

በእረፍት ሰዓት ጠራኋት።

"ለ19 እንደሚካፈል ታውቂያለሽ አይደል?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን እንደሱ ጻፍሽ?"

"እርስዎ የሚፈልጉት እንደሱ ነዋ።"

ቂም የለባትም። ነጥብ እንዳይቀነስባት ነው። እንዴት እንዳፈርኩ... ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ደወሉ ሲደወል ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ አካፈልኩት፣ ሁሉም እያዩ። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እሷ ነግራኝ ነበር፣ አሳቅሁባት" አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ሌላ ትልቅ ቁጥር ጻፍኩ። "ይሄስ ብቸኛ ነው? እስቲ ሞክሩት" አልኩ። እስክሪብቶ ያነሳ የለም። ክፍሉ በሙሉ መልሱን ፊቴ ላይ ይፈልጋል። እሷም።