አሥር የግራ እግር

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ አምቦ

አሥር እግር ቆጠርኩ፤ አሥሩም የግራ ናቸው። የቀኝ የሚባል የለም። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ሻይ ጠጥቼ መጣሁ፣ ለአራተኛ ጊዜ ቆጠርኩ። ያው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፤ ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል። ባለፈው ክረምት የሳይንስ አስተማሪያችን፣ ሁላችንም «ዶክተሩ» የምንለው ፈረንጅ፣ ምጽዋ ሄዶ ከአንድ መርከብ ጋር ባሕር ላይ ሰነበተ። መረብ ብርሃን ወደማይደርስበት ጥልቅ ጥለው ሲያወጡ፣ ከጭቃው መሐል ሁለት የስንዴ ቅንጣት ቢጋጠሙ የምታህል ፍጥረት አገኙ። ዶክተሩ መጽሐፎቹን አገላብጦ «ይህችን እስከ ዛሬ ማንም አልጻፋትም» አለ። ያለችውም አንዲት ብቻ ናት። የእሱ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ቆራርጠው በስላይድ መስታወት ላይ ያስቀመጧት የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ኦቦ ቶሎሳ ናቸው።

ከዚያ ዶክተሩ ታሞ አዲስ አበባ ገባ። ኦቦ ቶሎሳም ዓይናቸው ደክሞ መስከረም ላይ ጡረታ ወጡና አገራቸው ጌዶ ገቡ። ቀረሁ እኔ፣ አስራት፣ የሥዕልና የእጅ ሥራ አስተማሪው፣ ባሕርን በካርታ ላይ ብቻ የማውቀው የአንኮበር ሰው።

ዛሬ የዶክተሩ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሥዕሏንና የአካሏን ዝርዝር በአማርኛ ሠርቼ በሚቀጥለው ሰኞ መኪና እንድልክለት ይላል፤ እሱ እዚያ አስተርጉሞ ለውጭ አገር ሙዚየም ይልከዋል። ሦስት ስም ይገባበታል፦ የእሱ፣ የቆረጡት የኦቦ ቶሎሳ፣ የሳልኩት የእኔ። መጨረሻው ላይ አንድ መስመር አለ፦ «በሥራው ስሕተት የተገኘበት ሰው ስሙ ይውጣ፤ ሳይንስ ይሉኝታ አያውቅም።»

ስሜን ታትሞ በሐሳቤ አየሁት። አባቴ ለጎረቤት ሁሉ ሲያሳይም አየሁ። ከዚያ እግር መቁጠር ጀመርኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

እስካሁን የማውቀው፦

ጀርባዋ ላይ ጋሻ የመሰለ ቅርፊት። ስስ ነው፤ ውስጧ ይታያል።

ከቅርፊቱ ኋላ ስድስት አንጓ፣ ጫፉ ላይ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ ጭራ።

ከፊቷ ሁለት ረጅምና ሁለት አጭር ክር። ቀንድ ልበለው ጢም? የሒሳቡ አስተማሪ «አንቴና ነው የሚባለው» አለኝ። የሬዲዮ ዕቃ ባሕር ውስጥ ምን ያደርጋል? ጢም ብዬ ጻፍኩ።

ዓይን አላት፣ ግን ጥቁር የለበትም። ነጭ ነጥብ ብቻ።

የደረት እግር አሥር፣ ማለት አምስት ጥንድ። ኦቦ ቶሎሳ ስላይዱ ላይ «ደረት 1»፣ «ደረት 2» እያሉ በትልልቅ ፊደል ጽፈዋል። የፊተኛው ጥንድ መቆንጠጫ አለው። እስከዚህ ደህና።

ከዚያ አምስት ስላይድ፣ በያንዳንዱ ሁለት ሁለት እግር። እነዚህ ዝርግ ናቸው፤ ጠርዛቸው ፀጉራም ነው። መለያቸው «ገራ 1» እስከ «ገራ 5»። ገራ? ምን ገራ፣ በቅሎ? ግራ ለማለት ነው እንጂ። ማስታወሻቸው ውስጥም ሁሉም ቦታ «ገራ» ነው። እንዲያውም አንዱ ስላይድ ላይ «መታ» የሚል አለ። ማን ምን እንደመታ እንጃ፤ ተሰንጥቆ እንደሆነ ብዬ በብርሃን አየሁት፣ ደህና ነው። ሽማግሌው ፊደል ላይ ደከም ይላሉ። ቀይ ቀለም አወጣሁና «ገራ» ያለውን ሁሉ «ግራ» እያልኩ አረምኩላቸው። የአስተማሪ አመል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ክፍል የለኝም፤ ቀኑን ሙሉ ከማይክሮስኮፑ ጋር ዋልኩ። የደረስኩበት ግምት፦

አንደኛ፣ የቀኞቹ እግሮች ጠፍተዋል። መሳቢያውን ሁሉ ገለበጥኩ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ ወለሉን በእጅ መነጽር አየሁ። የሞተ ጉንዳን አገኘሁ።

ሁለተኛ፣ ፍጥረቷ እንዲያው ናት። የፈጠራት ያውቃል። ግን በግራ ብቻ ስትቀዝፍ ዞራ ዞራ እዚያው አይደለም?

ሦስተኛ፣ ማይክሮስኮፑ ያገላብጣል። ስላይዱን ወደ ቀኝ ስገፋው ወደ ግራ ይሄዳል። እንግዲያውስ ግራው ቀኝ ነው፤ ታዲያ ግራው የት ሄደ? እዚህ ላይ ራሴን አመመኝና ተውኩት።

አራተኛውን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር። የኦቦ ቶሎሳ ዓይን።

ከሰዓት በኋላ ምክትል ዳይሬክተሩ አቶ ፍቅሬ መጡ። ሥራው ያለ እሳቸው ፊርማ አይወጣም። ጎንበስ ብለው በማይክሮስኮፑ አዩና መጀመሪያ የጠየቁኝ «በጾም ትበላለች?» ብለው ነው። ስለ እግሮቹ ስነግራቸው ሳቁ። «የምን ግምት ነው የምትደረድረው? ሽማግሌው አላዩም፣ አለቀ። ደብዳቤው ያለውን አድርግ፤ ስማቸውን አውጣ» አሉኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

አሥር የግራ እግር ያላት አድርጌ ሳልኳት። ከአንድ ጎኑ ተደርምሶ የቀረ አጥር መሰለች። ቀደድኩት።

ስለ ኦቦ ቶሎሳ ሳስብ ነው የዋልኩት። አምቦ ስመጣ ማንንም አላውቅም ነበር። ቤት የፈለጉልኝ እሳቸው ናቸው። በወረንጦ ትንሽ ነገር ሲነሳ ትንፋሽ መያዝ እንዳለበት ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ «አካም ቡልቴ?» ሲሉኝ እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን» ስል ኖርኩ፤ ከኦሮምኛው የያዝኩት የምስጋናዋን «ገለቶማ» ብቻ ነው። የሚያናግሩኝ ሁሉ በአማርኛ ስለሚያናግሩኝ አላስፈለገኝም።

እንዲህ ያለ ሰው አሥር እግር ያበላሻል? ዓይን ከደከመ ግን ማን ያውቃል። ግራ ገብቶኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ጨረስኩ። የእግሮቹን ነገር «ቆራጩ የቀኞቹን ስላላቆዩ ሙሉ መግለጫ መስጠት አልተቻለም» ብዬ አለፍኩት። የኦቦ ቶሎሳን ስም በላጲስ ፋቅሁት። ወረቀቱ ሻከረ፣ ስሙም ትንሽ ትንሽ ይታያል፤ ደግሜ ፋቅሁት። አቶ ፍቅሬ ፈረሙ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ምሳ አልወርድ አለኝ። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ነገ ጌዶ እሄዳለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ማታ ነው የምጽፈው፤ አሁን ከጌዶ መግባቴ ነው።

ጠዋት ሎንቺና ተሳፈርኩ። ጉደርን እንዳለፍን ከፊቴ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ ሰውዬ ወደ ሾፌሩ ተጣሩ፦ «ገራቱ ነ ዱኩባ!»

ገራ የሚለውን ስሰማ ብድግ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡትን ነጋዴ ሴት፣ «ምን አሉ? ግራቸውን ነው?» አልኳቸው።

«የምን ግራ? ሆዴን አመመኝ፣ አውርደኝ ነው የሚሉት።»

«ገራ ሆድ ነው?»

«ሆድ ነዋ! አምቦ አስተማሪ ነኝ አላልክም እንዴ? ምኑን ነው የምታስተምረው?»

«መታስ?»

«ራስ።» ሴትዮዋ አሁን በደንብ ዞረው አዩኝ። «ደህና ነህ፣ ልጄ?»

ደህና አልነበርኩም። ገራ 1፣ ገራ 2፣ ገራ 3። የሆድ እግር። አምስት ጥንድ፣ ግራም ቀኝም፣ በየስላይዱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቀምጠው። አንድም አልጠፋም፤ ሁሉም ልክ ነበር። ሰውዬው ከመንገድ ዳር እስኪመለሱ ስንጠብቅ ላብ አጠመቀኝ። በኅዳር ብርድ።

ኦቦ ቶሎሳን ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ገመድ ሲገምዱ አገኘኋቸው። ገመዱን አያዩትም፣ ጣታቸው ነው የሚሠራው። በድምፄ ለዩኝ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ እርጎ አመጡልኝ። ገና ሳልቀምሰው ኦቦ ቶሎሳ «ልጅቷስ እንዴት ናት?» አሉኝ። ፍጥረቷን ማለታቸው ነው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀዩን ቀለም፣ ላጲሱን፣ ስለ ዓይናቸው ያልነውን። ስጨርስ የገመዱን ጫፍ ቋጠሩ። አዴ ጫልቱ ወደ ቤት ገቡ።

«ዓይኔ ጠፍቷል ብላችሁ ተስማማችሁ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ኦቦ ቶሎሳ።»

«ጠፍቷል እኮ። ያን ስሠራ ግን ነበረ።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ለምን በአማርኛ አልጻፉትም ብዬ አልጠየቅሁም፤ እሳቸው ግን ነገሩኝ። «እሷ እየደረቀች፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ፣ ቋንቋ ይመረጣል? እጄ ላይ የቀደመውን ጻፍኩ። ባይገባህ ምነው ያጠገብህን ሰው ብትጠይቅ? አምቦ ሙሉ ሰው አለ።»

ከዚያ ገመዱን አስቀመጡና አሥር ጣታቸውን ከሆዳቸው ሥር ዘርግተው፣ ከኋላ ወደ ፊት ተራ በተራ አንቀሳቀሱ። «በደረቷ ትሄዳለች፣ በገራዋ ትዋኛለች። ፀጉሩ እንቁላል መያዣም ነው። ሰባት እንቁላል ነበራት፣ ጽፌዋለሁ።» እውነት ነው፤ ማስታወሻው ላይ «ገራ ሥር 7 እንቁላል» ይላል። እኔ «ግራ ሥር» ብዬ አርሜ፣ ትርጉም አጥቼለት ትቼዋለሁ።

ስንለያይ ስለ ስማቸው አነሳሁ። ለእኔስ ምን ያደርግልኛል ይላሉ ብዬ ነበር። «ይግባ» አሉኝ። «ስንት ዘመን የሰው ብልቃጥ አጥቤያለሁ። አንድ ቦታ ላይ ቶሎሳ የሚል ይገኝ።»

እሑድ፣ ኅዳር 9

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አልወጣሁም። ሥዕሉን እንደ አዲስ ሠራሁ። አምስት ጥንድ በደረት፣ አምስት ጥንድ በሆድ፣ ሰባት እንቁላል። ለመጀመሪያ ጊዜ መዋኘት የምትችል ፍጥረት መሰለች። አዲስ ወረቀት ላይ ሦስቱንም ስም ጻፍኩ። ደስ አለኝ፣ ከዚያ ደግሞ የደብዳቤው የመጨረሻ መስመር ትዝ አለኝ። ለአቶ ፍቅሬ ምን ልበላቸው? «ገራና ግራ ተምታተው ነው» ብል ይበቃል። ማን እንዳምታታው አይጠይቁ ይሆናል።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ጠየቁ።

«ምን ማለት ነው፣ ተምታተው?» አሉ አቶ ፍቅሬ። «ቀዩን ማነው የጻፈው?»

የእጅ ጽሑፌን ያውቁታል፣ ግን «ሽማግሌው ናቸው» ብል ያምኑኝ ነበር። «እኔ ነኝ። እሳቸው በሙሉ ልክ ነበሩ» አልኩ።

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ክፉ ሰው አይደሉም። «የዶክተሩን ደብዳቤ አንብበኸዋል?» አሉኝ።

«አንብቤዋለሁ።»

«እንግዲህ የሌላውን ስም ስትፍቅ ያነበብከው ያው ደብዳቤ ነው።»

ስሜን ራሴ ፋቅሁት። ከዚያ ፈረሙ።

መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ወጣ። ዶክተሩ ምን እንደሚል አላውቅም፤ የሙዚየሙ ሰዎችም ይቀበሉት አይቀበሉት አላውቅም። አባቴ የሚያሳየው ነገር የለም። ይከፋኛል ብዬ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስጠብቅ ዋልኩ፤ አልከፋኝም። ከዓርብ ጀምሮ ያልበላሁትን ምሳ በላሁ፣ ሁለት ሰሃን። ወረቀቱ ላይ ከዶክተሩ ስም ቀጥሎ ቶሎሳ ይላል፤ አልሻከረም፣ አልተሰረዘም።