ካርዱ ደርሶኛል

ለምናፍቅህ ወንድሜ ለጋሼ ሙላት፤

እንዴት ከርመሃል? የዱባይ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? መጋዘን ውስጥ ሳጥን ስታነሳ የተቀጨው ወገብህስ ተሻለህ ወይ? እህል ይበላልሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። የአባባ ግራ ጎኑ ዛሬም አልታዘዝ እንዳለው ነው፤ አንደበቱ ግን ተፈቷል፣ ቅኔውም ተመልሶለታል። እናታችን ጉልበቷን ብርድ ሲሆን ይቆረጥማታል እንጂ ደህና ናት።

በስልክ ያልነገርሁህ ስላለ ነው የምጽፍልህ። ስትደውል እናታችን ከጎኔ አትለይም፤ ድምፅህን ለመስማት ጆሮዋን ከስልኩ ጋር ታጣብቃለች።

ካርዱ ደርሶኛል። የዱባዩ ጎረቤትህ፣ ድረስ፣ ለፋሲካ ሲመጣ ከነካርቶኑ አመጣልኝ። ያን ኮምፒውተር እንዴት እንደጀመርሁት ታውቃለህ። አባባን ለማስታመም የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን አቋርጬ አምበር የገባሁ ጊዜ፣ ማርቆስ ከተማ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ያለው የክፍል ጓደኛዬ ፍሥሐ አንድ ጎኑ የተገነጠለ ባዶ የኮምፒውተር ኬዝ ሰጠኝ። ጎኑን በቆርቆሮ ደፈንሁት። የጎረቤት ልጆች እያስጠናሁ በማገኛት ሳንቲም ዛሬ ራም፣ ከወራት በኋላ ሃርድ ዲስክ እያልሁ ከአሮጌ ዕቃ ለቃቅሜ ገጣጠምሁት። የመኪና መንዳት ጌሙ ግን አይሄድም ነበር፤ መኪናዋ እንደ ደከመ በሬ ትንሽ ትራመድና ቀጥ ትላለች። የጌሙን ምስል የሚያፈጥን ካርድ የጠየቅሁህ ለዚያ ነው።

የላክኸው ካርድ ረጅም ሆኖ ኬዙ አልበቃው አለ። የውስጡን ብረት በመጋዝ ቆርጬ አስገባሁት። ሳበራው ጠጥ አለና ጠፋ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ገመዱን ከሶኬቱ ነቅዬ ለፍሥሐ ደወልሁ። «ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላዩ ነው የተቃጠለ፤ ካርዱን መሸከም አቅቶት ነው። ደግመሽ እንዳትሰኪው!» አለኝ።

አባባን ለጎረቤታችን ለማሬ አደራ ብዬ ማርቆስ ወረድሁ። ፍሥሐ ጋ የተከመሩ ኮምፒውተሮች ስጠግን ዋልሁ፤ በድካሜ ምትክ ደህና ፓወር ሰፕላይ ከነገመዱ ሰጠኝ። ሲሸኘኝ ግን «መስከረም ላይ ትመዘገቢያለሽ አይደል? አሁንም ካለፈሽ እኮ ቦታሽ ይሰረዛል» አለኝ። እግዜር ያውቃል ብዬው መኪና ተሳፈርሁ። መንገዱን ሙሉ ዕቃውን ጭኔ ላይ ታቅፌ ያን የመስከረሙን ነገር ብቻ ሳሰላስል መጣሁ።

ተሠራልኝ፣ ጋሼ! ጌሙ እንደ ውኃ ፈሰሰ። አባባ ቀና አድርጊኝ አለና ትራስ ደግፌው ያይ ጀመር። በጌሙ የባሕር ዳርቻ ሰፊ አስፋልት ላይ ስበር አይቶ አይቶ «ልጄ፣ ይህች መኪና ወዴት ነው የምትሄደው?» አለኝ።

«የትም አይደል አባባ። ዞራ ዞራ እዚያው ናት» አልሁት።

«እንደኛው በያት» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ድረስ ሊሰናበተን የመጣ ዕለት ኮምፒውተሩ ሲሠራ አይቶ ደስ አለው። ክፋት የለበትም፣ የምናውቅ መስሎት ነው፤ «ሙላት ይህን የገዛው እኮ ኮንትራቱን ሲያድስ በሰጡት ጉርሻ ነው። ሁለት ዓመት ጨመረ» አለ። እናታችን ጓሮ ስለነበረች አልሰማችም። አባባ ድረስ ሲወጣ ጠብቆ «ድረስስ ደረሰ፤ የሚደርሰው ቀረ» አለ።

ጋሼ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ ብለኸን አልነበረም? መንገድ ይዞት ነው እያለች እናታችን ሙክቱን ሳታሳርደው ፋሲካ አለፈ። ክፍልህን አስለቅልቃለች። ሰው ባለፈ ቁጥር ደጅ ትወጣለች።

የአባባ መድኃኒት በአንተ ላብ እንደሚገዛ አልክድም። ግን ይህን ኮምፒውተር የፈለግሁት ከአባባ አልጋና ከጓዳው በቀር የምሄድበት ስላጣሁ ነው። አንተ ዕቃ በላክህልኝ ቁጥር «የምትጫወትበት አላት፣ ደህና ናት» ብለህ የምትጽናና መሰለኝ። እኔ ደግሞ ኬዙን ባሳመርሁት ቁጥር በሩ ይበልጥ እየተዘጋብኝ ነው። የዚያን ዕለት ድረስ ከከተማው ሳይወጣ ካርዱን ነቅዬ በእሱ ልመልስልህ ብዬ ካቻቢቴውን አንስቼ ነበር። እጄ እንቢ አለ። ያችን የባሕር መንገድ ካጣኋት ምን ይቀረኛል?

እንግዲህ ልለምንህ። ሌላ ዕቃ አልፈልግም። ለመስከረም ፈቃድ ጠይቅና ና፤ አባባን የሚያነሳ የሚያስተኛ ሰው አብረን እንፈልግ፣ እኔም ልመዝገብ። እንቢ ካሉህ እንቢ አሉኝ በለኝ፤ እችለዋለሁ። ለእናታችን ግን አንተው ደውለህ እውነቱን ንገራት። «መቼ ነው የሚመጣ?» ስትለኝ የምመልስላት አጥቻለሁ፤ ስለ አንተ መዋሸትም ደክሞኛል።

እናታችን ዘወትር ዓይኑን ሳላይ አልሙት ትላለች፤ የጻፍሁልህን አታውቅም። ማሬ እንዴት ነህ ትልሃለች። ፍሥሐም ሰላም ብሎሃል። ለአባባ ደብዳቤውን አነበብሁለት። እስኪያልቅ ሰምቶ «አልተቀየምሁትም በይልኝ። ድምፁን ጠግቤዋለሁ፤ እጁን ልያዘው» ብሎሃል።

እህትህ መቅደላዊት የኋላሸት

አምበር፣ ግንቦት 2 ቀን 2006 ዓ.ም.