ሹፌሩ ሞተ ወይስ ቤቱ ገባ?

ረቡዕ

አንቺ ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥተሽ የምታነቢ፣ ማንም ብትሆኚ፣ አንብቢ። ፍርድሽን ግን እስክጨርስ ያዢው። ዛሬ ሰው ፊት ተዋርጃለሁ።

ነገሩ ፊልም ነው። በፈረንጆቹ ሰባዎቹ ዓመታት የተሠራ የወንጀል ፊልም፦ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ካፖርቱን የማያወልቅ መርማሪ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ግድያ አይቶ ልመስክር ይላል፣ ወንበዴዎቹ ያሳድዱታል። አጎቴ ጋሽ ታደለ ድሮ ቃሊቲ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው፤ ማይክ ይዘው እየተረጎሙ ያሳዩ ነበር። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነው ያደግኩት። የዚህ ፊልም ሁለተኛው ሲዲ ተጫጭሯል ብለው ያጠፉትና መጨረሻውን በአፋቸው ይጨርሱት ነበር።

ወደ ቂሊንጦ በሚወስደን የፋብሪካ ሰርቪስ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ፊልም ተራኪዋ እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ጆሮዬ ነው፤ ከአጎቴ ቪዲዮ ቤት እንደሰማሁትም ሁሉም ያውቃል። ዛሬ «ሹፌሩ ቤቱ ገብቶ ልጁን አቀፈ» ብዬ ስጨርስ፣ ጥራት ተቆጣጣሪው ሰሚር ከኋላ፦

«እህቴ፣ ሹፌሩኮ ይሞታል። አይተሽው ነው አልመሽው?»

ሰርቪሱ በሳቅ ሞተ። ፊልሙ ስልኩ ላይ ነበር፤ ለሁሉም ላከ።

ሐሙስ

አልከፈትኩትም። የማውቀውን ምን ላረጋግጥ?

ሌሎቹ አይተው መጡ። ገነት ከስፌት ክፍል፣ ይንቀረፈፋል አለች፤ መርማሪው ደረጃ ሲወጣ እሷ ሽንኩርት ከትፋ ጨረሰች። ሽንኩርት እየከተፈች ነዋ ያየችው! አንዱ ደግሞ መርማሪው ከወንበዴዎቹ በምን ይለያል አለ። እሱ ገብቶታል። ስለ መጨረሻው ስጠይቅ ግን ሁሉም ወሬ ቀየሩብኝ። ነገሩን አልወደድኩትም።

አርብ

በምሳ ሰዓት አየሁት። ሹፌሩ ይሞታል። መርማሪው ፋይሉን ይዘጋና ምሳ ያዛል። በቃ፣ አለቀ።

ምግቤን ለገነት ሰጠኋት።

ሰሚር በሰርቪሱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፈ፦ «የቪዲዮ ቤት ውሸት ስንበላ ከርመናል።» እኔን ይበል። አጎቴን ግን?

ቅዳሜ

ጋሽ ታደለ ጋ ሄድኩ። አሁን መለዋወጫ ይሸጣሉ። የመጣው ይምጣ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀና እንኳ አላሉም።

«ሲዲው ደህና ነበር።»

ወንበሩን የሚሞሉት ጭነት የሚጠብቁ የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ነበሩ አሉኝ። መጀመሪያ ቀን እስከ መጨረሻው አሳይተዋቸው፣ ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ እዚያች ቦታ ሲደርስ ያጠፉት ጀመር።

«ነገ ጅቡቲ ለሚወርድ ሰው፣ ሞትክ ብዬ ልተርጉምለት?»

እኔንም ስላታለሉኝ ተናደድኩ። ታክሲ ውስጥ ግን ሳላስበው ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

እሁድ

ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። አንድ፦ ተሳስቻለሁ፣ ሹፌሩ ይሞታል። ሁለት፦ ፊልሙ የዋዛ አይደለም፤ ከግድያው ይልቅ ያ ምሳ ማዘዝ ያማል፣ ይንቀረፈፋል የምትሉ ሽንኩርታችሁን አስቀምጣችሁ ድገሙት። ሦስት፦ ጋሽ ታደለ ያደረጉትን እንዳለ፣ ምንም ሳልቀባባ።

ገነት ልብ ላከችልኝ። ሰሚር አይቶት አለፈ። ይኸው ጨመርኩበት፦

«ሰሚር፣ ውሸት ያልከው እዚህ ነው፤ የምትመልሰውም እዚሁ፣ ሁላችንም እያየን። ማይኩ አንተ እጅ ቢሆን፣ ለእነዚያ ሹፌሮች ምን ብለህ ትተረጉም ነበር?»