አንቱ የሚባል ልብ

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ
ከሆስፒታሉ አልጋ፣ መስኮቱ ጥግ

ይድረስ ስትቆጪ እንኳ ለምታምሪው ለእትዬ፣

እንዴት ነሽ? ልብስ ስፌቱስ? እኔ ደህና ነኝ። ጎረቤታችን በስልክ «ሞቶ ተነሣ» ብላሻለች አሉ። ውሸቷን ነው። ደጁን አንኳኩቼ ተመለስኩ እንጂ አልሞትኩም።

በምሠራበት ጎማ ጥገና ቤት ትልቁ ቀልዴ መሞት እንደሆነ ታውቂያለሽ። መሬት ላይ እዘረራለሁ፤ አለቃችን ጋሼ እየጮኹ ሲመጡ «ደሞዝ ይጨመርልኝና ልነሣ» እላለሁ። ቅዳሜ ታዲያ በሙቀትም አንገቱን ስለሚጠቀልል ሻርፕ ከምንለው ጓደኛዬ ጋር ጭፈራ ቤት ልንሄድ ከሥራ ሳንወጣ ክኒናችንን ዋጥን። እንደ ሁልጊዜው፣ ሌሊቱን ያለ ድካም የምታስጨፍረዋን። አንዷ ስትዘገይብኝ ሌላ ደገምኩ። ልቤ እንደ ተፈታ ጎማ ቁልቁለት ወረደ። ወደቅኩ። ሁሉም ሳቁ። አንዱ እግሬን ኮረኮረኝ፤ ሌላው «ዛሬ ደሞ ስንት ይጨመርልህ?» አለ። ጋሼ ብቻ የከንፈሬን መጥቆር አይተው «ኧረ ይሄ ልጅ አልቀለደም!» ብለው፣ ብሎኑ ገና ባልጠበቀ የደንበኛ መኪና ጭነው አመጡኝ። እኔም መኪናውም ተርፈናል።

ዶክተሯ ደረቴን በሽቦ አልብሳ ስታየኝ ቆየችና «ክኒኑ ልብህን ያለ ልጓም ነው ያስጋለበው። ምቱ ተዛብቷል፤ ጡንቻውም ደክሟል። አንተ ልጅ ነህ፤ ልብህ ግን ሽማግሌ ሆኗል» አለችኝ።

«እንግዲያው አንቱ በይኝ፣ ዶክተር።»

አልሳቀችም። «ከደገምከው ላትነቃ ትችላለህ» ብላኝ ሄደች። በማግሥቱ ግን «አንቱ፣ እንዴት አደሩ?» ብላ ገባች። በሕይወቴ በቀልድ የቀደመኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። «ሥራዬን ትቼ መጥቼ እወስድሃለሁ» ብለሽ ልከሻል። አትምጪ! ሻንጣ ነኝ እንዴ የምትወስጂኝ? አልቅሼ «ተጸጸትኩ» እንድልሽ ከጠበቅሽም ጠብቂ። ስንጨፍር ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንን አልክድም። ምክርሽንም ለደንበኞችሽ ቀሚስ ስፊበት።

ትናንት ሻርፕ ብርቱካን ይዞልኝ መጣ። ከፌስታሉ ሥር ክኒን ነበረች። «ግማሿን ብቻ፤ ድብርቱን ታባርርልሃለች» አለኝ።

«ዶክተሯ ከልክላኛለች።»

«አንተ ደሞ! ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የሚያዝህ?»

ይህችን ባይናገር ይሻለው ነበር። «ልክ ብለሃል፤ ማንም አያዘኝም፤ አንተም ጭምር» አልኩና ክኒኗን ፖፖዬ ውስጥ ጠብ አደረግኳት። ፖፖው ባዶ እንዳይመስልሽ።

«ምን ነካህ! በስንት ልመና እንዳገኘኋት ታውቃለህ?»

«ካሳዘነችህ እጅህን ስደድ።»

ከጎኔ የተኙት አባት በሳቅ መርፌያቸው ሊነቀል ነበር። ሻርፕ ግን አልተቀየመም፤ እሱ መቼ ይቀየማል። ሻርፑን አስተካክሎ «ግድ የለም፤ ስትወጣ በር ላይ እጠብቅሃለሁ። ያን ጊዜ ፖፖ የለህም» ብሎኝ ሄደ።

እሱ ከሄደ በኋላ ነርሷ ፖፖውን እስክትወስደው ድረስ ዓይኔን ከላዩ ላይ አላነሣሁም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

በይ፣ መርፌ ጣትሽን አይውጋው፤ ያሰብሽው ይስመርልሽ፤ ፈጣሪ ለእኔ ሲል ትዕግሥት ይጨምርልሽ።

እምቢ ባዩ ወንድምሽ

ሳልረሳው፦ የሚለቁኝ ዓርብ ጠዋት ነው፤ በትልቁ በር በኩል። ሻርፕ ማለዳ ተነሺ ነው። ከእናንተ ከተማ ሌሊት የሚነሣው አውቶቡስ ግን ይቀድመዋል ይላሉ።

ነይ አላልኩሽም።