የመደበቂያችንን አድራሻ ላደረሰልን ጽሕፈት ቤት

ይድረስ ለክቡር የቤተሰብ ጥበቃና ነፃ የሕግ ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ሳያነቡ የሚፈርሙበት ቀኝ እጅዎ ደህና ነው? እኛ ተመስገን ነው፤ ከቤት ስለማንወጣ ጉንፋን እንኳ አላገኘንም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ታናሽ እህቴ ባሏ ክንዷን ከሰበረው በኋላ ልጇን ይዛ እኔ ጋ ተጠጋች። ባሏን የሰፈሩ ሰው «ጨዋው» ይለዋል፤ ለአላፊ አግዳሚው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ስለሚሰጥ እንጂ ቤቱ ገብቶ ያየው ሰው ኖሮ አይደለም። እኔ የምኖርበትን ቤት አያውቀውም ነበር፤ በቅርቡ ነው የተከራየሁት። ዘመድ አዝማዱን እየዞረ ቢጠይቅም የሚነግረው አጣ። ወሬ ሆዳቸው የማያድረው አክስታችን እንኳ ለዚህ ጉዳይ አፋቸውን ቆለፉ። ይህን የምዘረዝረው ወደ እናንተ ከመምጣታችን በፊት ምን ያህል ኋላ ቀር በሆነ መንገድ እንጠበቅ እንደነበር እንዲረዱልኝ ነው። አሁን ግን በሕግ እየተጠበቅን ስለሆነ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. የሕግ ባለሙያዎ አርቅቀው ዳኛው ያጸደቁት የጥበቃ ትእዛዝ፣ ጨዋው እህቴ ከምትኖርበት ቤት መቶ ሜትር ርቆ እንዲቆይ ያዝዛል። ቤቱን እንዳይሳሳትም ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊው የቆርቆሮ በር፣ ገባ ብሎ በስተግራ ሁለተኛው ክፍል ተብሎ ተጽፎለታል። ግልባጩም በደንቡ መሠረት በፖሊስ እጅ ደርሶታል። ወይ ጉድ! ሰውዬው ስንት ጊዜ ለፍቶ ያላገኘውን እናንተ በማኅተም አሳምራችሁ እጁ ላይ አስቀመጣችሁለት። እኔ ራሴ ለደንበኞቼ ቤቴን እንዲህ አጥርቼ ነግሬ አላውቅም፤ ዛሬም ድረስ የሰው በር የሚያንኳኩ አሉ።

2. ጨዋው ትእዛዙን በተቀበለ ማግስት ከተፍ አለ። ሆኖም ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትምና ከበራችን ጀምሮ መንገዱን በእርምጃ ለክቶ፣ መቶ ሜትሩን ጥቂት አሳልፎ፣ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከሻይ ቤቱ ባለቤት ቀድሞ ይደርሳል። ትእዛዙንም እንዳይቆሽሽበት በላስቲክ ሸፍኖ በደረት ኪሱ ይዞታል። ፖሊስ ጠርቼ ነበር። የመጡት ፖሊስም ወረቀቱን አንብበው፣ ርቀቱን በዓይናቸው ገምተው፣ ሰው ሻይ መጠጣት እንደማይከለከል አስረድተውኝ ሄዱ። እሳቸውንም ጋብዟቸዋል።

3. ወደ ልጅቷ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ያልፋል። ትእዛዙ ስለ ቤቱ እንጂ ስለ መንገዱ ትንፍሽ አይልም። ስለዚህ ልጅቷ ትምህርቷን አቁማ እኔ ስር ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፎች በየቀለማቸው ትለያለች። በቀደም አባባ ለምን አይገባም ብላ ጠየቀችኝ፤ እንዳይገባ ታዞ ነው አልኳት። እኛስ ለምን አንወጣም ስትለኝ ግን ጽሕፈት ቤቱን ጠይቄ እነግርሻለሁ አልኳት። ክቡርነትዎ መልሱን ካወቁት በደግነትዎ ይላኩልኝ። እናቷም ከሥራ ቀርታለች። በር በተንኳኳ ቁጥር ያንን ክንዷን በሌላው እጇ እቅፍ ታደርገዋለች። እዚህ ላይ እንኳ ቀልዴን አይደለም።

4. ይህንኑ ላስረዳ ቢሮዎ ስመጣ የሕግ ባለሙያዎ ወንበር ሰጥተው ነገሩ በጣም ቀላል መሆኑን ነገሩኝ። እህቴ ቤት ትቀይርና አዲሱን አድራሻ ታስመዝግብ። ካላስመዘገበች ትእዛዙ ለአዲሱ ቤት አይሠራም። ካስመዘገበች ደግሞ ግልባጩ ለተከሳሹ መድረስ አለበት፤ አለዚያማ የት እንደማይሄድ በምን ያውቃል? እውነትም፣ ሰውን በማያውቀው ቤት እንዳይደርስ መከልከል ግፍ ነው! ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች አድራሻቸውን በጥንቃቄ ይጽፉ ነበር። አንዷማ ለጥበቃው ይረዳ እንደሆነ ብላ የበሯን ቀለም ልጨምር ወይ ስትል አማከረችኝ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ለሰውዬው ከሚሰጠው ግልባጭ ላይ አድራሻው ይውጣ፤ በምትኩ እሷና ልጇ ካሉበት ሁሉ፣ ከመንገዱም ከትምህርት ቤቱም፣ ይራቅ ይባል። አንድ መስመር ነው፤ ግፋ ቢል አንድ ተኩል። ለዚህ ኮሚቴ ማቋቋም ግድ ከሆነም ያቋቁሙ፣ እኛ እንደሆነ በር ዘግተን ቁጭ ብለናል።

ውለታዎን ከፍላ የማትጨርሰው፣ በመጋረጃው ጠርዝ ሻይ ቤቱን እያየች ይህችን የጻፈችልዎ፣ ጥበቃዎ እንዳይበዛባት ብቻ የምትጸልየው

ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤዬን ልዘጋ ስል አንድ ወሬ ደረሰኝ። ጨዋው ባለፈው ሰኞ ቢሮዎ ድረስ ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ እህቴ ቤት ስትቀይር አዲሱ ትእዛዝ መቼ እንደሚደርሰው ጠይቋል አሉ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋም እንዲህ ያለ ተባባሪ ተከሳሽ ገጥሟት እንደማያውቅ ነግራው፣ ወረቀቱ እንደወጣ ልትደውልለት ስልክ ቁጥሩን መዝግባለች። እህቴ ጋ ግን እስከ ዛሬ የደወለ የለም።