ስም ያልወጣለት አውሬ

ቀጮ፣

ቆዳ አልፊው አጎቴ ቤት ነኝ። ወጥመዱ የያዘው አውሬ ቆዳ ማልፊያው ክፍል ውስጥ ፍርግርግ ተዘግቶበታል፤ ጆሮው የቀበሮ፣ መንጋጋው የተኩላ ነው። አጎቴ ደግሞ ምንነቱን ሳይለይ ቢላ አያነሳም። «ቀበሮ ነው፣ አባባ!» ሲል አያቴ «ተኩላ ነው፣ አንተ ዕውር!» ይሉታል። ሊስማሙ ሲሉ፣ እንዳይገድሉብኝ «ጅራቱስ?» እላለሁ፤ እንደ ሰፈራችን ሽማግሌዎች ከሀ ይጀምራሉ።

ትናንት አመሻሽ ላይ አውሬው ጮኸ። ከጫካው ተኩላ፣ ከሜዳው ቀበሮ እየቀረቡ መለሱለት። ተከራካሪዎቼ ጠረጴዛ ሥር ገቡ።

«ክፈቺለት ልጄ፣ በእናቱም በአባቱም ወገን መጡበት!» አሉ አያቴ።

ከፈትኩለት። ሲወጣ ግን ሁለቱም ወገን ጸጥ አለ። ይኸው ዛሬም ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ያየናል፤ የሚጠራው የለም።

እናትሽን ሳሚልኝ። ቦታ አጥሮኝ ቴምብሩ ሥር አጣብቤ የጻፍኳት ሰላምታ ያንቺ ናት።